የኋላ ፍሬን ሲይዝ

በሲያትል ዝናብ ያደረ አሮጌ ፒካፕ ጠዋት መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማው ቀጥ ቢል አይደንቅም፤ ታምቡሩን በስሱ የሸፈነው ዝገት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይለቃል። ካልለቀቀ ግን፣ በተለይ ወደ ኤሊዮት ወሽመጥ በሚወርዱት እርጥብ ቁልቁለቶች ላይ፣ ያስፈራል።

የማደንቀው በአዲስ አበባ ጋራዥ እጁ የተፍታታ፣ ዕቃ ለመለወጥ የማይቸኩል መካኒክ ነው። ታምቡሩን ያወጣል። በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአየር አይነፋም፤ አርሶ ያጥበዋል። ቀጥሎ ዘይት ይፈልጋል፦ ከጎማው ሲሊንደር የወጣ የፍሬን ዘይት ነው ወይስ ያረጀ ፓራኦሊ ያሳለፈው የዲፈረንሻል ዘይት? ዘይት ያንሸራትታል ብለን እንገምታለን እንጂ የነካው ሸራ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ይይዛል። የሚዞረው ታምቡር የፊተኛውን ሸራ ወደ ራሱ ስለሚስበው ትንሿ መጣበቅ ትበረታለች፤ ባዶ ካሶኒ ደግሞ የኋላ ጎማውን ያቀለዋል።

ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። መፍሰሻው ተዘግቶ የሁለቱም ጎን ሸራ አብሮ ይለወጣል። የደከመ ሞላና የደረቀ የእጅ ፍሬን ገመድም ይፈተሻሉ፤ በአንዳንድ የድሮ ቶዮታ ፒካፖች ላይ እንደ ጭነቱ የኋላውን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭም እንዲሁ። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ በዝግታ ይሞከራል።