አውሬዎቹ ለምን ተናገሩ?

ሰሞኑን ዶርም ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን ለዚህች መጽሔት የጻፈውን የጅብና የአህያ ተረት አነበበልንና «ጅቡ ማነው?» ብንለው ሳቅ ብሎ ዝም አለ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። ሰው የገዛ ቃሉን ለጅብ የሚያውሰው ለምንድነው?

ጥያቄው ለአሰበ ተፈሪ፣ ለዛሬዋ ጭሮ፣ ባዳ አይደለም። የከተማይቱ መቆርቆር ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚነሣው በጅሮንድ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲም ናቸው። በ1910ሮቹ ዓ.ም. የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ አውሬዎችን ያናግራል። ቤተ መንግሥቱ ግን ተረት ነው ብሎ አላለፈውም፤ የአስተዳደሩን ብልሹነት የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ፍሮይድ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሕልም ባሳተመው መጽሐፍ፣ የታፈነ ምኞት ሳንሱሩን ለማለፍ መልኩን ለውጦ ይመጣል ይላል። ልብ በሉ፤ «ሳንሱር» የሚለውን ቃል የተዋሰው ከመንግሥት ሥራ ነው። እንግዲህ ተረት በአደባባይ የሚታይ ሕልም ነው ብንል አልተሳሳትንም። የ«ፋቡላ» ዕጣ ግን ከሕልም ይለያል፤ እዚህ ሳንሱሩ ጭምብሉን አወቀው።

ይኸው ፍሮይድ በ1930 (እ.ኤ.አ.) ሥልጣኔ ዋጋ ያስከፍላል ሲል ጻፈ፤ ሰው ከደስታው ቆርሶ ጸጥታን ይገዛል፤ የታፈነው ቁጣም ወደ ውስጥ ዞሮ ጸጸት ይሆናል። ታዲያ ምን ይሁን? ዝም ብለን እንታፈን? ማርኩዝ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መልስ አለው። አብሮ ለመኖር የግድ የሆነ አፈና አለ፤ ለገዢው ጥቅም ሲባል የሚጨመር ትርፍ አፈናም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ መቋጠር አይገባም።

ይህን መለኪያ ወደ አገራችን እናምጣው። ተክለ ሐወርያት ሩሲያ ተምረው የተመለሱ፣ የጨርጨርን አውራጃ በሥርዓት ለማስተዳደር የደከሙ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በፕላን የተሠራ መንገድ ሰውን ይገራዋል፤ ባሻው ቦታ ጎጆ እንዳይቀልስ ይከለክለዋል። ይህ ክልከላ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። ተውኔቱን ማገድስ ማንን ጠቀመ? ንጉሥ ቢተች ገበያ አይፈርስም። ያ ትርፍ ነው።

ትርፉ በዚህ አላበቃም። ተውኔቱ በአማርኛ፣ ለመናገሻ ከተማ ሰው የተጻፈ ነው፤ የጨርጨር ገበሬ ግን የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ለኦሮምኛ ፊደል የፈጠሩት የሐረርጌው ሼክ በክሪ ሳጳሎ ኋላ በቁም እስር ቆይተዋል። አንዱ ሲታፈን አውሬ ያናግራል፤ የሌላው ፊደሉ ራሱ ይታሰራል። ስለ አፈና ስንጽፍ ይህን ልዩነት መዝለል የለብንም።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀመጡና ስሙ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ያጨበጨበው ሰው በምርቃና ሰዓት አገር ያፈርሳል፣ አገር ይሠራል። ማታ በጨብሲ ያበርደዋል። ነገ ደግሞ ያጨበጭባል። ጫት ያቋረጠ ሰው በእንቅልፉ የሚያየውን ክፉ ቅዠት ዱካክ ይሉታል። ሐኪም የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ግን ቀን ያልተነገረ ነገር ሌሊት ዕዳውን ሲጠይቅ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ በ«ፋቡላ» ላይ ያለኝን ሐሳብ ልቋጭ። ጭምብል ሁለት ፊት አለው። ተናጋሪውን ከለላ ሰጥቶ እውነቱን ወደ አደባባይ ካወጣው መሣሪያ ነው። ተናጋሪውን አስተንፍሶ ወደ አልጋው ከመለሰው ግን ከበርጫ ወሬ አይሻልም። የ«ፋቡላ» ክብር የመጀመሪያው መሆኑ ብቻ አይመስለኝም። የተነካው ሰው እንደተነካ አወቀ። መታገዱ ራሱ ምስክር ነው።

ደስታ ማለት አፍ ያመጣውን ሁሉ መናገር ነው አልልም፤ ይሉኝታም ለጉርብትና የሚያስፈልግበት ቦታ አለው። ነገር ግን ሰው የራሱን ድምፅ የሰማ ዕለት ልቡ ይቀለዋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ተረትህ ጥሩ ነው፤ ይታተም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ጅቡን ማንም ሊሆን በሚችል መልክ አትሣለው። ያነበበው ሁሉ «ጎረቤቴን ነው» ብሎ ከሳቀ ማንንም አልነካህም። ከአንባቢዎችህ አንዱ እንኳ ገጹን አጥፎ ሳይስቅ ቢቀር ግን ያኔ ጽፈሃል።