ሁለት ዓመት ወይስ ሰባ? «የእግዚአብሔር ጊዜ» በትንቢተ ኤርምያስ

ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር 11ን ነው። አምላክ ለሕዝቡ በጎ እንጂ ክፉ እንደማያስብ የሚያበሥረው ይህ ቃል ከታክሲ መስታወት እስከ ምረቃ ቲሸርት፣ ከሳሎን ግድግዳ እስከ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ድረስ ተጽፎ ይገኛል። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር 10 ግን ለቲሸርት አይመችም፤ በጎው ነገር የሚመጣው ሰባ ዓመት ሲሞላ መሆኑን ይናገራልና። ይህ ምዕራፍ የያዘው፣ ኤርምያስ ለባቢሎን ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ሲነበብ ጎልማሳ የነበረ ሰው ያን ቀን በሕይወት ቆይቶ ሊያይ አይችልም። ቁጥር 11 የተጻፈው ደግሞ ለዚሁ ሰው ነው።

በመከራ ላይ ላለ ክርስቲያን «የእግዚአብሔርን ጊዜ ጠብቅ» ማለት የተለመደ ማጽናኛ ነው። ሥራ ላጣውም፣ ልጅ ለዘገየባትም፣ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ለኖረውም ይነገራል። ተናጋሪውም ሰሚውም በልባቸው የሚይዙት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው» የሚለውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ በኤርምያስ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚለው ኤርምያስ ሳይሆን ተቃዋሚው ነው የሚል ነው።

ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ኢየሩሳሌምን ይዞ ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከነመኳንንቱና ከነእጅ ባለሙያዎቹ አግዞ፣ የቤተ መቅደሱንም ዕቃ ጭኖ ሄዷል። በኢኮንያን ምትክ ሴዴቅያስ በነገሠ በአራተኛው ዓመት ከገባዖን የመጣው ነቢይ ሐናንያ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃውም ንጉሡም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ ሲል በእግዚአብሔር ስም ተናገረ። በዚያን ሰሞን ኤርምያስ የባቢሎንን አገዛዝ ለማመልከት አንገቱ ላይ ቀንበር አድርጎ ይዞር ነበር። የሰጠው መልስ ያልተጠበቀ ነው፦ አሜን፣ እንዳልከው ያድርግልን። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን እንደ ምፀት ያነብቡታል፤ እኔ ግን የተሳለቀ አይመስለኝም። ሐናንያ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከኤርምያስ በላይ ደስ የሚለው አልነበረም። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ አውርዶ ሲሰብረውም አልተሟገተም፤ ዝም ብሎ መንገዱን ሄደ። በእንጨቱ ቀንበር ፋንታ የብረት ቀንበር መምጣቱን የሚናገረው ቃል የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ሐናንያን ጣዖት አምላኪ የሚለው የለም። አምላኩ የኤርምያስ አምላክ ነው፣ ተስፋውም የኤርምያስ ተስፋ ነው፤ ሁለቱም ምርኮው ያበቃል ይላሉ። የተለያዩት በርዝመቱ ነው። ኤርምያስ በዚህ ሙግት ያቀረበው መለያ፣ ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም ይታወቃል የሚል ነበር። ይህ መለያ በኋላ ዘመን ለሚጽፍ የታሪክ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ መሐል ላይ ለቆመ ሰው ግን ምን ይፈይዳል? ያን ቀን በቤተ መቅደሱ የነበረው ሕዝብ ማንን እንደሚያምን ሳይለይለት ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ሐናንያ ገና አፉን ሲከፍት ሐሰተኛ ይመስለናል፤ ስብከቶቻችንም ይህን የጭንቅ ሰዓት ዘለው ያልፉታል።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ያዘዘው ተራ ነገር ነው፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለማረካችሁ ከተማ ጸልዩ። ይህ ግን በጊዜው አስቆጥቷል። ሸማያ የተባለ ምርኮኛ ከባቢሎን ሆኖ ለካህኑ ለሶፎንያስ ጻፈና ይህን ሰው ለምን በእግር ግንድ አላሰርከውም ብሎ ከሰሰ። የክሱም ፍሬ ነገር ምርኮው ረጅም ነው ማለቱ ነበር። ሸማያን ያንገበገበው መከራው ብቻ አይደለም፤ የመከራው ዘመን በቁጥር መነገሩ ጭምር ነው።

ስለዚያ ረጅም ዘመን ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ምስክር አለን። ሎሪ ፒርስ እና ኮርኔሊያ ቩንሽ እ.ኤ.አ. በ2014 ካሳተሟቸው የሸክላ ጽሑፎች ብዙዎቹ የተጻፉት አል-ያሁዱ፣ ማለትም «የይሁዳ ከተማ»፣ በሚባል የባቢሎን መንደርና በአካባቢው ነው። የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ572 የተጻፈ ሲሆን የመጨረሻዎቹ እስከ 477 ይደርሳሉ። ይዘታቸው ተምርና ገብስ፣ ብድር፣ የእርሻ ኪራይ፣ ለመንግሥት የሚከፈል ግብርና የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ሸክላዎቹ ማን በእምነት እንደተከለ፣ ማን ተስፋ ቆርጦ እንደተከለ አይነግሩንም። የሚነግሩን፣ በጥቅሱ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ የሆነው «ሰባ ዓመት» በኑሮ ሲመነዘር ምን እንደሚመስል ነው፦ የዘንድሮ ዕዳ፣ የሚመጣው ዓመት መከር፣ ለልጅ የሚተላለፍ ማሳ።

ቁጥሩስ ቢሆን በሒሳብ ልክ አይገጥምም። ከመጀመሪያው ምርኮ ቂሮስ ባቢሎንን እስከያዘበት እስከ 539 ድረስ 58 ዓመት ነው፤ ወደ ሰባ የሚጠጋው ቤተ መቅደሱ ከፈረሰበት ዳግመኛ እስከታነጸበት እስከ 515 ድረስ ያለው ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ቁጥሩን እንደገና አንሥቶ ወደ ሰባ ሱባዔ ያሰፋዋል። መጽሐፈ ዕዝራም የአዲሱ ቤት መሠረት ሲጣል የቀደመውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ማልቀሳቸውን፣ የልቅሶውና የእልልታው ድምፅ መለየት አለመቻሉን መዝግቧል። ጊዜው ሲደርስ ሁሉ ነገር ጥርት ይላል የሚል ሰባኪ ይህን ምዕራፍ ቢያነብበው ጥሩ ነው።

ኤርምያስ ራሱ እንዴት ጠበቀ? ኢየሩሳሌም በተከበበችበት፣ እሱም በግዞት ቤት አደባባይ በታሰረበት ሰዓት የአጎቱን ልጅ መሬት በዓናቶት በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ምስክር አቆመ፣ ውሉን አተመ፣ ጸሐፊው ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጠው አዘዘ። በጠላት እጅ የገባ መሬት መሆኑ ነው። ከውሉ በኋላ የጸለየው ጸሎት ግን የረጋ ልብ ጸሎት አይደለም፤ ከተማዋ እየተያዘች ግዛ ትለኛለህ የሚል መደነቅ አለበት። ቀደም ባሉት ምዕራፎችማ አምላኩን አታለልኸኝ እስከማለት ደርሷል፣ የተወለደበትንም ቀን ረግሟል። የመጽሐፉ አሰናጆች ይህን ሁሉ አልሰረዙትም። ትዕግሥትን ከዝምታ ጋር አንድ የሚያደርገው ልማዳችን ከኤርምያስ የተማርነው አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው ምዕራፍ 34 ነው። በከበባው ጊዜ የኢየሩሳሌም ሹማምንትና ባለጠጎች ዕብራውያን ባሮቻቸውን ነፃ ለማውጣት ቃል ኪዳን ገቡ፤ የባቢሎን ጦር ለጥቂት ጊዜ ሲያፈገፍግ ሐሳባቸውን ለወጡና መልሰው ገዟቸው። ምርኮኞችን ሰባ ዓመት ጠብቁ ያለው ነቢይ ባሮቹን «የእግዚአብሔርን ጊዜ ጠብቁ» አላላቸውም። ሕጉ ባሪያ በሰባተኛው ዓመት ነፃ እንዲወጣ ያዛል፤ ጊዜው አልፏል፤ የዘገየው እግዚአብሔር ሳይሆን ጌቶቻቸው ናቸው። ስለዚህም ቁጣው በጌቶቹ ላይ ወረደ።

ይህ ልዩነት ዛሬም ይሠራል። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ሥር በዓረብ አገር የምትሠራ፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ ደመወዟ ያልተከፈላት እኅት «በጌታ ጊዜ ይሆናል» ሲሏት ምን ትስማ? ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን የወር መጨረሻ ነው፤ በሰማይ የተሰወረ ምሥጢር የለበትም። በሰው እጅ የተያዘን ነገር ለእግዚአብሔር ጊዜ መስጠት እምነት ሊመስል ይችላል፤ ግን ተጠያቂውን ከተጠያቂነት ያወጣዋል። ጠብቁ የሚለውን ቃል መመርመሪያው አንዱ መንገድ፣ ተናጋሪው ከመዘግየቱ ያተርፋል ወይስ አብሮ ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ይመስለኛል። ኤርምያስ ከፍሏል፤ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል።

ከጉድጓዱ ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። እሱ ጊዜ አልጠበቀም፤ ንጉሡ ወደተቀመጠበት በር ሄዶ አቤት አለ፣ ፈቃድ ተቀብሎ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ጎተተው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ተረፈ ባሮክ፣ አውጉስት ዲልማን በ1866 እ.ኤ.አ. የግእዝ ጽሑፉን ያሳተመው፣ የዚህን ሰው ታሪክ ይቀጥላል። አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ በለስ እንዲያመጣ ይላካል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፤ እንቅልፉን ያልጠገበ መስሎትም ራሱ ከብዶታል።

አንባቢን የሚማርከው የበለሱ ተአምር ነው፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው ብሎ ለመደምደምም ይመቻል። ድርሰቱ ግን እንቅልፉን ለአንድ ሰው የተሰጠ ልዩ ጸጋ አድርጎ ነው የሚያቀርበው፤ ኤርምያስም ሕዝቡም ዘመኑን ነቅተው ነው የጨረሱት። አቤሜሌክም ቢሆን ስንት ዓመት እንዳለፈ በራሱ አላወቀም። የነገረው መንገድ ላይ ያገኘው፣ ስሙ ያልተጠቀሰ ሽማግሌ ነው። የበለስ ወራት እንዳልደረሰ አሳይቶ ያሳመነውም እሱ ነው፤ ወቅቱን ከዛፍና ከማሳ ማንበብ የሚችለው በዚያ ምድር የኖረ ሰው ነውና። ድርሰቱ ሽማግሌውን ከእርሻ ሲመጣ ነው የሚያሳየን። ደብዳቤው ለባቢሎን ምርኮኞች እንጂ ለእሱ አልተጻፈለትም፤ የሠራው ግን ደብዳቤው ያዘዘውን ነው።