ትናንት ተጣልተው ነበር?

ድባቴ ያለበት ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ከታወቀ ሰንብቷል። የሚያከራክረው ሐዘኑ ከአእምሮ ተነስቶ ልብ ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው። በወቅቱ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው ጆዲ ግሪኒና ባልደረቦቿ በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን መንገድ የፈለገው በክንድ ቆዳ ውስጥ ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል። በጣም ቀጭን ቱቦ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ በቱቦው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል መጠኑ እየጨመረ ይፈስሳል፤ ከላይ የተቀመጠ ሌዘር የደሙን ፍሰት ይለካል። የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን ደህና ከሆነ ለኬሚካሉ ምላሽ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጭና ስሩ ይሰፋል። ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ጋዝ ጉዳይ ነበር።

ሌላው መለኪያ መጠይቅ ነው። ባለፉት 24 ሰዓታት ከሰው ተጣልተው ነበር? ሥራ ወይም ትምህርት አስጨንቆዎታል? ጠብ ሊነሳ ሲል ትተው አልፈዋል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ገረመችኝ። እኛ ዘንድ ነገርን ዋጥ አድርጎ ማለፍ ጨዋነት ነው፤ በመጠይቁ ግን ከጭንቀት ተቆጥሯል። ተመራማሪዎቹ ልክ ናቸው። ክፉ ቃል ውጦ ሲገላበጥ ያደረ ሰው አይከራከራቸውም።

ድባቴ ያለባቸው ወጣቶች የደም ስር ከጤነኞቹ ያነሰ ሰፋ፤ ከእነሱም ጭንቀት የገጠማቸው ባሰባቸው። ጤነኞቹ ላይ ግን የአንድ ቀን ጭንቀት እንዲህ ያለ ምልክት አልተወም። ተሳታፊዎቹ ወጣቶችና ሌላ በሽታ የሌለባቸው ስለሆኑ ነገሩን በዕድሜ ወይም በስኳር ማሳበብ አይቻልም። የጥናቱ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ አይርቅም። የተነጻጸሩት የተጨነቀ ሰውና ሌላ ያልተጨነቀ ሰው ናቸው። ድባቴው የከፋበት ብዙ ይጣላ ይሆናል፤ ወይም ትንሹንም ነገር ጭንቀት ብሎ ይመዘግብ ይሆናል፤ የደም ስሩም የደከመው በትናንቱ ጠብ ሳይሆን በዚያው በድባቴው ክብደት ሊሆን ይችላል። 40 ያህል ሰው ይዞ ይህን መለየት ከባድ ነው። ጸሐፊዎቹ በርዕሳቸው «ተያያዥነት» ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ጥናቱን ጠቅሶ «ጭንቀት የደም ስር ያበላሻል» የሚል ግን ከእነሱ አልፎ ሄዷል። የቆዳ ደም ስርም የልብ ደም ስር ምትክ እንጂ ራሱ አይደለም።

እኔ ማየት የምፈልገው ያንኑ ሰው በሰላም ቀኑና በተጣላ ማግስት ነው። ቱቦውን ደጋግሞ ቆዳ ውስጥ ማስገባት ለተሳታፊው ቀላል አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ግን ይቻል ነበር።