የመሰናዶ ትምህርትና የጥርስ ሕክምና ወንበር፤ ስለ አቅም ማሻሻያው ፕሮግራም አመዛዘን የቀረበ ሒስ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ ለጥቂት ወራት የመሰናዶ ትምህርት ቢሰጠው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን መስክ፣ ሕክምናንም ሆነ የጥርስ ሕክምናን፣ ለማጥናት ከሌላው ጋር የተስተካከለ ዕድል ያገኛል የሚል አስተያየት በየትምህርት ስብሰባው ደጋግሞ ይሰማል። አስተያየቱ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ወላጅም መምህርም እንዲሆን የሚመኘው ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ምኞቱን መንቀፍ ሳይሆን፣ ለአስተያየቱ ድጋፍ የሚቀርበው ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው መመርመር ነው። የጥርስ ሕክምና ለምሳሌነት የተመረጠበትም ምክንያት አለ። ወንበሩ እጅግ ጥቂት፣ ፈላጊው እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ በሰፊ የትምህርት መስክ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያልፍ ጉድለት በዚህ ጠባብ በር ላይ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የተነሣበትን ሁኔታ እናስታውስ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በወሰዱ ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአቅም ማሻሻያ ወይም በተለምዶ «ሬሚዲያል» የሚባለው ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ለዚህ ድንጋጤ መልስ እንዲሆን ነው። ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ተመርጠው ለአራት ወራት ያህል ይማራሉ፤ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ትምህርቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ከውጤቱ 30 ከመቶው በተቋሙ ምዘና፣ 70 ከመቶው ከማዕከል በሚወጣ ፈተና ይያዛል። ያለፈው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ይጀምራል፤ የሙያ ምደባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአገራችን መሰናዶ አዲስ ነገር አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ከ12ኛ ክፍል በኋላ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርት ያሳልፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ መሠረት 11ኛና 12ኛ ክፍል ራሳቸው «መሰናዶ» ተብለው ሲደራጁ፣ የፍሬሽማኑ ሥራ ወደዚያ ወርዷል ተብሎ የብዙ ዲግሪዎች ዘመን ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዝቅ ተደረገ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. ከፍሬሽማኑ በፊት ሌላ መሰናዶ ተጨመረ። እንግዲህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መሰናዶው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመላልሷል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ ብዙ የተጻፈው መሰናዶው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነበር፤ ተማሪው ውስጥ ገብቶ ምን ይለውጣል የሚለው ጥያቄ ያገኘው ቦታ ጥቂት ነው።

የፕሮግራሙ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ዋነኛ ማስረጃ ያለፉት ተማሪዎች ብዛት ነው። «ከገቡት ይህን ያህሉ አልፈዋል፤ ስለሆነም ፕሮግራሙ ሠርቷል» ይባላል። ይህ አባባል ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛ፣ ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡት ቀድሞውኑ ከማለፊያው መስመር አጠገብ የቆሙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ፈተና የዕድልና የዕለት ሁኔታ ድርሻ አለው። በፈተናው ቀን ወባ የያዘው፣ ወይም ከቤተሰቡ ተለይቶ ሩቅ ግቢ ውስጥ በማደሩ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ምንም ተጨማሪ ትምህርት የተሻለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ፈተናውን በግል ደግሞ የወሰደውም ልጅ እንዲሁ ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። ታዲያ ከጭማሪው የትኛው የትምህርቱ፣ የትኛው የጊዜው እንደሆነ ያለ ማነጻጸሪያ ማን ሊለየው ይችላል?

በዚህ ረገድ ከውጭ አገር አንድ ጥናት ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ወደ ሕክምናና ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ለሚሹ፣ በተለይም ከድኻ ቤተሰብና ከአናሳ ወገኖች ለመጡ፣ የአንድ ዓመት ያህል የድኅረ ዲግሪ መሰናዶ የሚሰጥባቸው ተቋማት አሉ። ግሩምባክና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኙ አምስት እንዲህ ያሉ የሕክምና መሰናዶዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ከተሳታፊዎቹ 68 ከመቶ ገደማ፣ ለመሰናዶው አመልክተው ካልተሳተፉት ደግሞ 23 ከመቶ ገደማ በመጨረሻ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ቀድሞ የነበረውን የነጥብ ልዩነት በስሌት ለማስተካከል ጥረዋል። ይሁንና ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ ሰዎቹ «ያልተሳተፉትስ ምን ሆኑ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። በተጨማሪም በእነዚያ መሰናዶዎች ውስጥ የሚሰጠው የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክለሳ ብቻ አይደለም፤ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃል መጠይቅ ልምምድና የቅርብ አማካሪ ጭምር ነው። የእነርሱ መግቢያ በር በእነዚህ ሁሉ የሚከፈት ሲሆን፣ የእኛው ግን በነጥብ ነው። ስለዚህ የእነርሱን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ አምጥቶ መጥቀስ ስሕተት ይሆናል።

ከዲግሪ በኋላ ወደ ሕክምና የመግባት ልምድ በአገራችንም ሳይኖር አልቀረም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና መስክ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሏል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ሊገባ የቻለው አዲስ ወንበር ስለ ተዘረጋ ነው። ይህም ወደ ዋናው ነጥብ ያደርሰናል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጥርስ ሕክምና ክፍል 40 ወንበር ቢኖረውና 200 ተማሪዎች ቢመኙት፣ ሁለቱንም መቶዎች በመሰናዶ አሠልጥነን የሁሉንም ነጥብ በአሥር ብናሳድግ፣ የሚገቡት ያው 40 ናቸው። መሰናዶው የአንዱን ልጅ ዕድል ከፍ ሲያደርግ የሌላውን ዝቅ ማድረጉ ግድ ነው። ይህ መሰናዶውን ከንቱ አያደርገውም፤ ተራው እንዲስተካከል ሊያደርግ ይችላልና። ነገር ግን «የጥርስ ሕክምና የመግባት ዕድል ጨምሯል» የሚለው አነጋገር ትክክል የሚሆነው ለማን ጨመረ፣ ለማን ቀነሰ የሚለው ሲመለስ ብቻ ነው። ለዕቅድ አውጪው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው የሚለው ይመስለኛል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍሉ ውጤት በምደባው ከመጀመሪያ ዓመቱ ውጤት ጋር እስከ ተቆጠረ ድረስ፣ በመሰናዶ የገባ ተማሪ በሩን ካለፈ በኋላም የቀድሞውን ነጥብ ተሸክሞ ይሄዳል። ከፊቱ ያሉት ተወዳዳሪዎች ያንኑ ፈተና በአንድ ጊዜ ያለፉ ናቸው። ወደ ሰፊዎቹ መስኮች ሲሄድ ይህ ሸክም ብዙ አይከብደው ይሆናል፤ ወደ ጥርስ ሕክምና ሲዞር ግን ከመንገድ ሊያስቀረው ይችላል።

እኔ የማውቀውን አካባቢ ላንሣ። የሰሜን ጎንደር ዞን ወረዳዎች፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃናሞራ፣ በየዳ፣ ጠለምትና አዲ አርቃይ፣ አብዛኛው መሬታቸው ደጋና ገደል ነው። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ቀበሌዎች የሚመጣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከቤቱ ወጥቶ፣ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከአገሩ እያመላለሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለፈ ተማሪ የሚያመጣው ነጥብ ስለ ልጁ ችሎታ የሚናገረውን ያህል ስለ ትምህርት ቤቱም ይናገራል።

ከጃናሞራ የመጣች፣ በመሰናዶው አልፋ የመጀመሪያ ዓመት የጀመረች አንዲት ተማሪ ከጥቂት ጊዜ በፊት አነጋግሬያለሁ። ምኞቷ የጥርስ ሕክምና ነበር። የኬሚስትሪ ደብተሯን ስገልጥ የቢዩሬት ሥዕል አየሁ፤ በማስመሪያ የተሠመረ፣ እያንዳንዱ መስመር የተቆጠረ፣ ከመጽሐፉ ሥዕል የሚበልጥ ነበር። ቢዩሬቱን በእጇ የነካችው ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ መሆኑን ነገረችኝ። በመሰናዶው አራት ወራት ውስጥስ ብዬ ብጠይቃት፣ ጊዜው ለማዕከላዊው ፈተና የጥያቄ ወረቀት ሲሠራበት እንዳለቀ አስረዳችኝ። መምህራኑን አልወቅስም። ከመቶው ሰባው በአንድ ወረቀት ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ማንም አስተዋይ መምህር የሚያስተምረው ለዚያ ወረቀት ነው። ተማሪዋ ፈተናውን አልፋለች፤ በመጀመሪያ ዓመት ግን ቤተ ሙከራ ሲገቡ ከከተማ ከመጡት ጓደኞቿ እኩል ለመሆን ሙሉ መንፈቅ ወስዶባታል። ለምደባው የሚቆጠረው ነጥብ ደግሞ የሚሰበሰበው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። የተመደበችው በሌላ መስክ ነው።

የቋንቋው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ግን አላረዝመውም። በእንግሊዝኛ የሚነገር ትምህርት በአራት ወር ክለሳ የሚከፈት በር እንዳልሆነ የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል።

ስለ እጅ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። የጥርስ ሐኪም ሥራ በጠባብ ቦታ ላይ በጣቶች የሚከናወን ረቂቅ ሥራ ነው። በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና መግቢያ ፈተና እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ድረስ አመልካቾች ጠመኔ እየቀረጹ ይፈተኑ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ቅርጽን በመለየት ጥያቄ ተተካ። በእኛ መሰናዶም ሆነ ምደባ ውስጥ ስለ እጅ የሚጠይቅ አንድም ነጥብ አላየሁም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ የሚገኙት የሸክላ ሠሪዎች ልጆች ያላቸው የጣት ብልኀት በየትኛው ዓምድ ሊመዘገብ እንደሚችል አንዳንድ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈተናው ጠመኔ መቅረጽ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ መሰናዶ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያሰናዳ ግን ማወቅ አለበት።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል የፕሮግራሙን እውነተኛ ጥቅም መጥቀስ ይገባል። ለደጋው ልጅ እነዚያ ወራት ያለ ስንቅ ሐሳብ የሚበላበት፣ ማታ መብራት የሚያገኝበት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥበት ጊዜ ናቸው። ይህን ያቃለለ ሰው በየዳን አያውቅም። ፕሮግራሙ በግል ተቋም በክፍያ በሚሰጥበት ጊዜ ግን ይህ ጥቅም ከፋዩን እንጂ የደጋውን ልጅ አይደርሰውም።

ጎንደር ለዚህ ክርክር ባዕድ አይደለችም። በደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት እያሠለጠነ፣ ከመመረቃቸው በፊት በጤና ጣቢያ አሰማርቶ ይፈትናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው፣ ኋላም የጥርስ ሕክምና ትምህርት የተጨመረው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። በበዓታ የአቋቋም ተማሪም ቢሆን የሚመሰከርለት ወሩ ስለ ሞላ አይደለም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ሲወጣው ነው። ሁለቱም ዘንድ የመሰናዶው መለኪያ ከመሰናዶው በኋላ የሚመጣው ሥራ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ የምጠይቀው አዲስ ገንዘብ ወይም አዲስ ፈተና አይደለም። በመቁረጫው ነጥብ ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች፣ ማለትም በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ወደ መሰናዶው የገቡትና በዚያው ያህል ነጥብ የቀሩት፣ በችሎታ የማይለያዩ ናቸው ማለት ይቻላል። እነዚህን ሁለት ወገኖች በስማቸው ሳይሆን በመለያ ቁጥራቸው ለሦስት ዓመት መከታተል ይቻላል፤ የቀሩት እንደገና ተፈትነው ምን አመጡ? የገቡት በመጀመሪያ ዓመት ምን ነጥብ ያዙ? በየትኛው መስክ ተመደቡ? የ12ኛ ክፍሉ መዝገብ በፈተናዎች አገልግሎት፣ የመሰናዶውና የምደባው መዝገብ በዩኒቨርሲቲዎች ሬጅስትራር ይገኛል። ሦስቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡና ተማሪዎቹ በወረዳና በጾታ ቢለዩ፣ መሰናዶው ለጃናሞራዋ ተማሪ የጥርስ ሕክምናን ወንበር አቅርቦላት እንደሆነ ወይም ከሌላ ወረፋ መጨረሻ ላይ አቁሟት እንደሆነ በአንድ መንፈቅ ውስጥ ሊታወቅ ይችላል። ያ እስኪሆን ድረስ፣ ከመሰናዶው አራት ወራት ቢያንስ አንዱ ለቤተ ሙከራ ተለይቶ ቢሰጥና በተቋሙ ከሚያዘው 30 ከመቶ ላይ ቢቆጠር፣ መምህሩ ቢዩሬቱን ከቁም ሣጥን የሚያወጣበት ምክንያት ያገኛል።