የምርምር ንድፍና የጥያቄው ዓይነት፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የንባብ ውጤት እንደ ምሳሌ

በትምህርት ምርምር ረገድ የሚያጋጥመው ችግር የጥናት እጥረት ብቻ አይደለም። ለአንድ ጥያቄ የተነደፈ ጥናት ለሌላ ጥያቄ መልስ ሆኖ መጠቀሱም ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት የታወቁ ጥናቶችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንጻር በመመርመር፣ የትኛው ንድፍ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚስማማ ለማሳየት ይሞክራል።

የመጀመሪያው በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ነው። ጥናቱ በ338 ትምህርት ቤቶች ከ13,000 በላይ ተማሪዎችን የዳሰሰ ሲሆን፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ እንዳልቻሉ አመልክቷል። የዳሰሳ ንድፍ «ስንቶቹ ማንበብ አልቻሉም?» ለሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ «ለምን?» ለሚለው ግን ብቻውን አይበቃም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምዘናው የተሰጠው በአማርኛ ነበር። በአሶሳ ዞን ደግሞ በቤቱ የበርታን ቋንቋ የሚናገር ሕፃንና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች አማርኛ ተናጋሪ ልጅ በአንድ አማካይ ውጤት ውስጥ ይደመራሉ። ዝቅተኛው ውጤት የንባብ ድክመት ይሁን ቋንቋውን ያለማወቅ፣ አማካዩ አይለይም። በዚህ ቁጥር ብቻ ተመርቶ መምህሩን የሚወቅስ ዕቅድ አውጪ፣ ጥናቱ ያልተናገረውን ይናገራል።

ሁለተኛው፣ በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት በካትሊን ሂዩና በባልደረቦቻቸው ተዘጋጅቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ነው። ጥናቱ የብሔራዊ ምዘና ውጤቶችን በማነጻጸር፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህ ብርቱ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ክልሎች የሚለያዩት በቋንቋ ብቻ ሳይሆን በመምህራን ዝግጅትና በመጻሕፍት ሥርጭትም ስለሆነ፣ ንጽጽራዊ ንድፍ ምክንያቱን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም።

ምክንያትን ለማረጋገጥ የሚቀርበው ፍትነታዊ ንድፍ ነው። በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሽናሻ ቋንቋ የተዘጋጀ አዲስ መጽሐፍ ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ የማይደርስ ከሆነ፣ ቀዳሚዎቹን በዕጣ መለየት ፍትሐዊም ነው፤ ለንጽጽርም ያመቻል። ለመኪና መንገድ የቀረቡት ቀድመው ቢሰጣቸው ግን የታየው ለውጥ የመጽሐፉ ይሁን የመንገዱ አይታወቅም። ፍትነትም ቢሆን ለሁሉም ጊዜና ቦታ አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል እንደታየው ግጭት ሕዝብን ሲያፈናቅል፣ በመጀመሪያ የተፈተኑትን ተማሪዎች በመጨረሻ ማግኘት ያዳግታል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን በጥልቀት የሚመረምር የነጠላ ጉዳይ ጥናት ይመረጣል።

መምህሩም ከምርምር ውጭ አይደለም። ማንበብ ላቃተው ተማሪ ምንባቡን በአማርኛ፣ ቀጥሎም ተመጣጣኝ ምንባብ በበርታ ቋንቋ በቃል አሰምቶ ይጠይቀው። በበርታ ተረድቶ በአማርኛ ካልተረዳ ችግሩ በይበልጥ የቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ሰምቶ ተረድቶ ማንበብ ካቃተው ግን የፊደልና የንባብ ትምህርቱ መፈተሽ አለበት። ይህ ተግባራዊ ምርምር ለክልሉ ሁሉ ባይናገርም፣ ለዚያ ክፍል የነገውን ትምህርት ያቃናል።

ስለሆነም አንድ የጥናት ውጤት ወደ ውሳኔ ከመለወጡ በፊት፣ ዕቅድ አውጪውም ሆነ መምህሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ንድፉ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ይችላል?» ብሎ ነው።