ስለትና ተስፋ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ሰው ነገ የሚሆነውን አያውቅም፤ ባለማወቁም ይፈራል፤ ስለ ፈራም ተስፋ የሚጥልበትን ይሻል። ሃይማኖት ለዚህ ፍርሃት መጽናኛ ሆኖ ሲገኝ የሰውን ልብ ያሰፋል፤ ፍርሃቱ ራሱ የሃይማኖትን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን የገዛ ልጅን ሳይቀር ያስራል። ይህን ልዩነት በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ አጥርቶ ያሳየን ደራሲ ያለ አይመስለንም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ካነበበው በኋላም መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል። ብዙው አንባቢ የሁለቱን መከራ የሚያመካኘው በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው። በእርግጥም በዘር የሚተካከላት ባል ሲያማርጡ የልጃቸውን ዕድሜ ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ግን መከራው የሚጀምረው ቀደም ብሎ፤ በማንኩሳ፤ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ጎጆ ውስጥ ነው።

እነዚህ ባልና ሚስት ብዙ ውጣ ውረድ ካዩ በኋላ አንድ ልጅ አገኙ። ልጁ በሕመም ሲጎሳቆልባቸው፤ እግዚአብሔር ቢያተርፍላቸው ዓለምን ንቆ እሱን እንዲያገለግል ተሳሉ። ሐኪም በሌለበት አገር የታመመ ልጅ የታቀፈች እናት ከመሳል በቀር ምን አላት? ደራሲውም አልፈረዱባቸውም። የመጽሐፉ ታላቅነት ከዚህ ላይ ይመስለናል፤ ክፉ ሰው ክፉ ሲሠራ ማሳየት አያስቸግርም፤ በፍቅር የተደረገ ነገር ሰንሰለት ሲሆን ማሳየት ግን የበሰለ ብዕር ይጠይቃል።

ስለቱን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን በዛብህ ነው። ቅኔ ተምሮ፤ በዲማ ተመስግኖ፤ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ሲወድዳት፤ ከፊታውራሪው ቁጣ አስቀድሞ የሚታገለው ከዚሁ ስለት ጋራ ነው። ፊታውራሪውን ሸሽቶ ዓባይን መሻገር ይቻላል፤ ከኅሊና ሸሽቶ ግን ወዴት ይኬዳል? እንግዲህ ጎጆውም አዳራሹም አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም የልጃቸውን ሕይወት ሳያማክሩት ሰጥተዋል፤ አንደኛው ለአምላክ፤ ሁለተኛው ለዘር ክብር።

ይህን የመሰለውን ልማድ ደፍሮ የሚነቅፈው ካሣ ዳምጤ ነው፤ ስለዚህም ሰዉ «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። በዚህ ላይ አንድ ጉድለት ሳንጠቅስ አናልፍም፤ የካሣ ንግግር አልፎ አልፎ እጅግ ይረዝምና ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢሆንም ቃሉ ከንቱ አልነበረም፤ ሳይታደስ የኖረው ሥርዓት መጽሐፉ በታተመ በስምንተኛው ዓመት፤ በ1966 ዓ.ም. መፍረስ ጀመረ።

መጽሐፉ ሃይማኖትን ይቃወማል የሚሉ ቢኖሩ አንስማማም። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ እምነትም ተስፋም አላት፤ ነገር ግን ማንም አልጫነባትም፤ ራስዋ መርጣ የተሸከመችው ነው። የደረሰችው እሱ ሊሞት ሲያጣጥር ነው፤ ሆኖም በመንገድዋ የምትጸጸት ሆና አናገኛትም። በገዛ ፈቃድ የተያዘ ተስፋ ባይፈጸም እንኳ ሰውን አያዋርድምና።

ዛሬ ልጁን ለምንኩስና የሚሳል ወላጅ ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን «ልጄ ሐኪም ካልሆነ»፤ «ልጄ እገሌን ካላገባች» የሚል ስለት በየቤታችን አለ። መምህሩም ተማሪውን፤ አለቃውም የበታቹን በራሱ ምኞት ሲያስር እናያለን። ለሰው ተስፋ ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ዕድሜ ከመሳላችን በፊት ባለ ዕድሜውን እንጠይቀው።