ሽፋኑ ላይ አንድ ስም፣ ሸክላው ውስጥ ብዙ እጅ፦ ስለ ፍራንክ ዛፓ ሙዚቀኞች



የአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ በዚህ መጽሔት ውስጥ ምን ይሠራል ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ቄሶቻችን ዜማ፣ ስለ እናቶቻችን የእጅ ሥራና ስለ ሽማግሌዎቻችን ትዝታ ነውና። ይሁን እንጂ በማኅበራችን ቤት የቆዩ ካሴቶችን ለመመዝገብ በተቀመጥንበት ጊዜ አንድ ነገር ገጠመን። አንዲት እናት ከጎንደር ይዘውት የመጡትን የሠርግ ካሴት አመጡልን። በካሴቱ ላይ የተጻፈው የሙሽራው ስም ብቻ ነበር። ማሲንቆ የሚመታው ማን ነው? ከበሮውን የያዘውስ? እልል እያለች የምትቀበለው ማን ናት? እናታችን የሦስቱንም ስም ያውቁ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ከመዝጋቢዎቻችን አንዱ ወጣት ይህን ሲሰማ፣ «የዛፓም ሸክላ እንዲሁ ነው፤ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው፣ ውስጡ ያሉት ግን ሌሎች ናቸው» አለን። ሸክላዎቹን ተውሰን ለብዙ ሳምንታት አዳመጥን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማዳመጥ ውጤት ነው።

በቅድሚያ ሰውየውን ለማያውቁት በአጭሩ እናስተዋውቅ። ፍራንክ ዛፓ እ.ኤ.አ. በ1940 በባልቲሞር ተወልዶ በ1993 በሎስ አንጀለስ በ52 ዓመቱ ያረፈ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲና ጊታር ተጫዋች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሕይወቱ ሳለ ከ60 በላይ አልበሞችን አውጥቷል። ሮክን ከጃዝና ከኦርኬስትራ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደ፣ ቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ሌላ ሰው ያልሞከረውን የሞከረ ሰው ነበር። ግጥሞቹ ብዙ ጊዜ ከነውር የማይርቁ በመሆናቸው፣ ወላጆች ሁሉንም ለልጆቻቸው ይክፈቱ አንልም። በተለይ በ1979 በወጣው «ሺክ የርቡቲ» በተባለው አልበም ውስጥ በአይሁድ ልጃገረዶች ላይ የሚያላግጥ ዘፈን አለ። ፀረ ስም ማጥፋት ሊግ የተባለው የአይሁድ ድርጅት ተቃውሞውን አሰምቶ ነበር፤ ዛፓ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ይህን በዝምታ ማለፍ ስላልፈለግን ጻፍነው። የምንመረምረው ግን ሌላውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአንድ ሰው ስም የሚጠራው ይህ ሁሉ ድምፅ የማን ነው የሚለውን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ስንመለከተው፣ ዛፓ የታወቀበትን ባንድ ያቋቋመው እርሱ አልነበረም። ሶል ጃያንትስ የሚባል በሎስ አንጀለስ አካባቢ በመጠጥ ቤቶች የሚጫወት ቡድን ነበረ። ሬይ ኮሊንስ ይዘፍናል፣ ሮይ ኤስትራዳ ባስ ይጫወታል፣ ጂሚ ካርል ብላክ ድራም ይመታል። ዛፓ ወደ ቡድኑ የገባው በጊታር ተጫዋችነት ሲሆን፣ ቆይቶ የእርሱን ድርሰቶች እንዲጫወቱ አሳመናቸው። ስማቸውም ተለውጦ «ማዘርስ ኦፍ ኢንቬንሽን» ተባሉ። በ1966 «ፍሪክ አውት» የተሰኘውን ባለ ሁለት ሸክላ አልበም አወጡ። በአልበሙ ሽፋን ውስጥ ለሙዚቃው አስተዋጽኦ አድርገዋል የተባሉ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፤ ከእነርሱም መካከል ታላላቆቹ ደራስያን ኤድጋር ቫሬዝና ኢጎር ስትራቪንስኪ ይገኛሉ። ሥራውን በእንዲህ ያለ ዝርዝር የጀመረ ሰው፣ ማንም ሰው ብቻውን እንደማይዘፍን ያውቅ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ዛፓ ይህንን ቡድን በ1969 የገንዘብ ችግርን በምክንያትነት ጠቅሶ በተነው። በዚያው ዓመት «ሆት ራትስ» የሚለውን አልበም በራሱ ስም አወጣ። የዚህን አልበም የመጀመሪያ ክፍል፣ «ፒችስ ኢን ሬጋሊያ» የተባለውን፣ ማንኛውም አንባቢ ያለ ሥጋት ሊሰማው ይችላል፤ ቃል የለበትምና። ሲያዳምጡት ሳክስፎን፣ ክላሪኔት፣ ፍሉት፣ ኦርጋንና ፒያኖ ተሰልፈው የመጡ ይመስላል። ሠራዊት የሚመስለው ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሰው ትንፋሽና ጣት ነው። ሰውየው ኢያን አንደርውድ ይባላል። በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረው ባለ 16 ትራክ መቅረጫ አንዱን መሣሪያ በሌላው ላይ እየደራረበ ተጫወተው። በዚሁ አልበም ሹገርኬን ሃሪስና ዣን ሉክ ፖንቲ ቫዮሊን ሲጫወቱ፣ ካፕቴን ቢፍሃርት አንድ ዘፈን ዘፍኗል። ከሽፋኑ ፊት ለፊት የምናገኘው ስም ግን አንድ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ዛፓ የሌሎችን ላብ በስሙ የሸጠ ሰው ነው» ብሎ መደምደም ይቻላል። እኛ ግን እንዲህ አንፈርድም። ምክንያታችንን ለማስረዳት በ1975 በወጣው «ዋን ሳይዝ ፊትስ ኦል» አልበም ውስጥ ያለውን «ኢንካ ሮድስ» እንውሰድ። ዘጠኝ ደቂቃ የሚጠጋ ሥራ ነው። ጆርጅ ዱክ በኪቦርድ ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ከጃዝ ፒያኖ የመጣው ዱክ እንዲዘፍን የገፋፋው ዛፓ ነው። በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረችው ሩት አንደርውድ ማሪምባውን እንደ ዝናብ ታወርደዋለች። ቼስተር ቶምሰን በድራም፣ ቶም ፋውለር በባስ ሥሩን ይይዛሉ። መሠረቱ የተቀረጸው በነሐሴ 1974 በሎስ አንጀለስ በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሲሆን፣ በመካከሉ የምንሰማው ረጅም የዛፓ ጊታር ግን ከአንድ ወር በኋላ በሄልሲንኪ መድረክ ላይ የተጫወተው ነው። ሁለቱን ከተሞች አንድ ዜማ ያደረጋቸው የዛፓ ጆሮና መቀስ ነው። እንግዲህ ይህን ኖታ የጻፈ፣ ያለማመደ፣ የመረጠና የቀጠለ ሰው ስሙን ቢያኖር አያስነቅፈውም። ነገር ግን ያለ ሩት አንደርውድ እጅ ያ ኖታ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

እንዲያውም ዛፓ ብዙ ጊዜ የጻፈው ለመሣሪያ ሳይሆን ለሰው ነው። «ዘ ብላክ ፔጅ» ማለትም ጥቁሩ ገጽ የሚለውን ሥራ በ1976 የጻፈው ለድራም ተጫዋቹ ለቴሪ ቦዚዮ ነው። ስሙም የወጣለት ገጹ በኖታ ብዛት ስለጠቆረ ነው። ቦዚዮን ባያገኝ ኖሮ ያንን ገጽ ያን ያህል ባላጠቆረው ነበር። ስቲቭ ቫይም ገና ወጣት ሳለ የዛፓን ጊታር እየሰማ በኖታ ይጽፍ ነበር፤ በ1982 የታተመው የዛፓ የጊታር መጽሐፍ የእርሱ የጆሮ ሥራ ነው። ቀጥሎም ወደ ባንዱ ገብቶ ሌሎች የማይደፍሩትን ተጫወተ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። በእነዚህ ሸክላዎች ውስጥ የምንሰማው ይህንኑ ነው።

በ1979 በወጣው «ጆስ ጋራዥ» ዛፓ ከዚህም አልፎ ሄደ። ከቀድሞ ኮንሰርቶች የተቀዱ የጊታር ክፍሎችን አውጥቶ፣ ቪኒ ኮላዩታና ሌሎች በስቱዲዮ በተጫወቱት አዲስ ሙዚቃ ላይ አኖራቸው። ጊታሩና ድራሙ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው ሳያውቁ የሚነጋገሩ ይመስላሉ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ማታለል ይሉታል። እኛ ግን አዲስ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል፤ የማንም ድምፅ አልጠፋምና።

ትልቁ ወቀሳችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ዊር ኦንሊ ኢን ኢት ፎር ዘ መኒ» የተባለው የ1968 አልበም ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ የላቀ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በዚህ አልበም ባሱን ሮይ ኤስትራዳ፣ ድራሙን ጂሚ ካርል ብላክና ቢሊ ሙንዲ ተጫውተዋል። ዛፓ በ1980ዎቹ አልበሙን ዳግመኛ ሲያሳትም፣ የድሮው ቴፕ ተበላሽቷል በማለት የእነዚህን ሰዎች ባስና ድራም አወጣና በምትኩ አርተር ባሮና ቻድ ዋከርማን የተጫወቱትን አስገባ። «ክሩዚንግ ዊዝ ሩበን ኤንድ ዘ ጄትስ» በተባለው የዚያው ዓመት አልበምም ላይ ባስና ድራሙ በአዲስ ተተካ። አዲሶቹ ሙዚቀኞች እጅግ የሠለጠኑ ናቸው፤ የድምፁም ጥራት ከፍ ያለ ነው። ዳሩ ግን ሁለቱን አቀራርበን ስንሰማ፣ በ1968 ዘፈን ሥር የ1980ዎቹ ድራም ሲመታ፣ አያት የልጅ ልጁን ጫማ አድርጎ የሚሄድ ይመስላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው፣ አንድ ሰው በወጣትነቱ የመታው ምት፣ እርሱ በሕይወት እያለ፣ ከራሱ ሸክላ ላይ መፋቁ ነው። በዚያው ዘመን አንዳንድ የቀድሞ አባላት የገንዘብ ድርሻቸውን ለማግኘት በፍርድ ቤት መክሰሳቸውን ስናስታውስ፣ ነገሩ የድምፅ ጥራት ብቻ እንዳልነበረ እንገምታለን።

ደግነቱ የመጀመሪያው ቅጂ ጨርሶ አልጠፋም። «ፎር ዘ መኒ» ዛፓ ካረፈ በኋላ፣ በ1995 በቀድሞው ድምፁ እንደገና ታተመ፤ የ«ሩበን» የመጀመሪያ ቅጂም በ2010 ወጣ። ጂሚ ካርል ብላክ ያረፈው በ2008 ስለሆነ የመጀመሪያውን መመለስ በዓይኑ አይቷል፤ የሁለተኛውን ግን ለማየት አልታደለም።

ዛፓ ራሱ ሰውን ጨርሶ ማስወገድ እንደማይቻል በኋላ የተረዳ ይመስለናል። በ1986 «ጃዝ ፍሮም ሄል» የሚለውን አልበም ከአንድ ክፍል በስተቀር ሲንክላቪየር በተባለ ኮምፒዩተር ብቻ ሠራው፤ የግራሚ ሽልማትም አገኘበት። ማሽኑ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። ሙዚቃው ያስደንቃል፤ ነገር ግን በአልበሙ ውስጥ ጆሯችን ዕረፍት ያገኘው ሰዎች በመድረክ ላይ በተጫወቱት በዚያ በአንዱ ክፍል፣ «ሴንት ኤቲየን» በተባለው ነው። በ1988 ዛፓ እርሱን ጨምሮ 12 ሰዎች ያሉበት ባንድ ይዞ ወደ መድረክ ተመለሰ። አባላቱ ከባስ ተጫዋቹ ጋር በመጣላታቸው ምክንያት ግን ባንዱ ጉዞውን ሳይፈጽም ተበተነ። በ1992 ደግሞ፣ ታሞ ሳለ፣ ኤንሴምብል ሞደርን የተባሉት የጀርመን ሙዚቀኞች ሥራዎቹን በፍራንክፈርት ተጫወቱለት። ማሽን ያላደረገለትን ሰዎች አደረጉለት።

ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? በአገራችን በኢትዮጵያም ልማዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ ማን አለ? የ1975ቱን ቅጂ የተጫወተው አይቤክስ ባንድ እንደነበረ፣ ባሱን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ወልደማርያም እንደያዙት የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ያ የባስ ዜማ ቢፋቅ ዘፈኑ ምን እንደሚሆን እስቲ በልባችሁ ሞክሩት።

የቤተ እስራኤል ጸሎትም ከመሠረቱ የቅብብል ነው። አንዱ ቄስ ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉም ይከተላሉ። ከተቀባዮቹ አንዱ ሲጎድል ዜማው ይጎድላል። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ በ1973 በጎንደር አካባቢ ይህን ጸሎት ቀርጸው ስለ አጠኑት፣ ዛሬ ልንሰማው በመቻላችን ለእርሳቸውና ለመሰል ተመራማሪዎች ምስጋና ይገባል። ሆኖም በብዙ የድምፅ መዛግብት ቤቶች አንድ የቅጂ ስብስብ የሚጠራው በቀረጸው ሰው ስም ነው። የዘመሩት ስም አንዳንዴ በውስጥ ወረቀት ይገኛል፤ አንዳንዴም «የካህናት ቡድን» ተብሎ ይታለፋል። ይህ በክፋት የተደረገ አይደለም። ነገር ግን ያልተጻፈ ስም፣ በቴፑ ላይ ድምፁ ቢኖርም፣ ለልጅ ልጅ የተፋቀ ያህል ነው።

ስለዚህ ከዛፓ ሸክላዎች ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ የሚያሰባስብና የሚቀጥል ሰው ሥራው ትልቅ ስለሆነ ስሙን አንነፍገውም። ሁለተኛው ግን፣ ስብስቡ የእርሱ ቢሆንም ምቱ የመቺው ነው። ቴፕን ለማጽዳት ወይም ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር የምትደክሙ ወጣቶቻችን፣ ድምፁን ስታሳምሩ ሳል ይሁን የከበሮ መሰናከል ሳትለዩ አታጥፉ፤ የመጀመሪያውንም ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ። ተመራማሪዎችም በዝርዝራችሁ ላይ ከቀራጩ ስም ጎን የአንሺውን፣ የተቀባዮቹንና የነጋሪት መቺውን ስም የምታሰፍሩበት ቦታ እንድትከፍቱ እንለምናለን።

ያቺ የሠርግ ካሴት አሁን በማኅበራችን ቤት ተመዝግባለች። በመዝገቡ ላይ ከሙሽራው ስም በታች ሦስት ስሞች በአማርኛና በዕብራይስጥ ተጽፈዋል። እናታችን ስሞቹን ሲነግሩን ስለ ከበሮ መቺው ጥቂት ካመነቱ በኋላ፣ በስልክ እኅታቸውን ጠይቀው አረጋገጡልን። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ አምጡልን፤ ስታመጡትም ድምፁን የሚለዩትን ሽማግሌ ወይም እናት ይዛችሁ ኑ። እነርሱ በመካከላችን ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ።